ድንጋይ ላይ የሌለው ጠብታ

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር ገብስ ማየት ነበር። የሰኔ መጨረሻ ጠዋት ነው። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሥር እየተነሣ የደባርቅን ግማሽ ሸፍኖታል። እሱ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቦት ጫማውን ያለ ካልሲ አጥልቆ፣ ከቤታችን ጀርባ ወዳለችው ማሳ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ጉልበቱን ስለሚያመው ቁጢጥ ማለት አይችልም። ከድንጋይ ካቡ ላይ አንድ እጁን አሳርፎ አጎነበሰና መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ።

«ነይ እስቲ መምህርት» አለኝ። «ዛሬ ሁሉም አውጥተዋል።»

አጠገቡ ሄጄ አጎነበስኩ። ቡቃያው ገና ከጣት አይረዝምም። በእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ከጫፉ በታች ያለው ቅጠል ግን ደረቅ ነው። ጠብታዎቹ ከቅጠሉ ሳይወድቁ፣ ሳይፈሱ፣ ዝም ብለው ቆመዋል።

«አየሁ» አልኩት። «ቁርሱ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ቁርሱ ይሞቃል። ይኼ ግን ፀሐይ ከወጣች የለም።»

ቁርሱ ዳቦና ሻይ ነበር። ሻዩን እንደቀዘቀዘ ጠጣነው፤ የሚያሞቀው ሰው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጠዋት ጠዋት ስለበረታ አብረን አልወጣንም። ሰኔ ሳይወጣ ልቡ በድንገት ቆመ። ስለዚያ ቀን ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ጠይቆኛል፤ ብዙ ጊዜም ተናግሬአለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለዚያ ጠብታ ነው። ስሙ ጋቴሽን ይባላል።

ቃሉን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ባለቤቴ ዳባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። እኔ በዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ ላይ አማርኛ አስተምር ነበር። እሱ ቃሉን ያገኘው ኮሌጅ ሳለ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአንዲት አጭር አንቀጽ ነው። መምህራኑ አንቀጿን ዘለሏት። እሱ ግን የገበሬ ልጅ ስለሆነ ያነበበውን ነገር በልጅነቱ በየማሳው አይቶታል፤ ስም እንዳለው ግን አያውቅም ነበር። «ሁልጊዜ መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ስሙን የነገሩኝ ያህል ነው የሆነብኝ» ይለኝ ነበር።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። ጤዛ ከአየር የሚመጣ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲበርድ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ሁሉ ያርፋል። ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ የቤቱ ቆርቆሮም፣ ደጅ ያደረ አካፋም ሁሉ ይረጥባሉ። ጋቴሽን ግን ከተክሉ ከራሱ ውስጥ ይወጣል። ዝናብ በጠገበ መሬት ላይ፣ ሌሊት፣ ሥሩ ውኃ መሳቡን አያቆምም። ቅጠሉ ደግሞ በጨለማ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ተኝቷል፤ ውኃው እንደ ቀኑ ተንኖ አይሄድም። ሥሩ ከታች ይገፋል፣ ውኃው መውጫ ይፈልጋል። በቅጠሉ ጫፍ ላይ የማትዘጋ አንዲት ትንሽ በር አለች፤ በእሷ በኩል ጠብ ይላል። ስለዚህ ጠብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያደርቀውም ጫፏ ላይ ጨው የመሰለች ነጭ ነጥብ ትቀራለች። ባለቤቴ ያችን ነጥብ በጥፍሩ እየፋቀ ያሳየኝ ነበር፤ ተራራ ያገኘ ያህል እየተደሰተ።

ተማሪዎቹ ግን አልተደሰቱም። በየዓመቱ ሐምሌ ሳይገባ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በጠዋት ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ማሳ ይወጣል። በየዓመቱም ከመካከላቸው አንዱ ይጠይቃል።

«መምህር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«እንግዲያ ለምን ጫማችንን አረጠብን?»

ይህን እየነገረኝ ይስቃል። አልተናደደም። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ትከሻውን ነካ አደረገውና «መምህር፣ ጋቴሽን!» አለው። ሌላ ነገር አልተናገረም። ባለቤቴ እስከ ዳባት ድረስ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና የባዕድ ቃል ቤቴ ውስጥ እንዲህ ሲንጎማለል ደስ አላለኝም። ስም ላወጣለት ብዙ ሞክሬአለሁ። «የቅጠል ላብ» አልኩት። «ላብማ ሲሞቅ ነው፤ ይኼ በብርድ ነው» አለ። «የቅጠል እንባ» አልኩት። «ቅጠል ምን ሆኖ ያለቅሳል?» አለ። «የማለዳ ጠብታ» ብዬ ሳመጣማ ከልቡ አዘነልኝ። «ጤዛውም የማለዳ ጠብታ ነው እኮ መምህርት። ከሁሉ ነገር የማይለይ ስም ምን ስም ነው?» እራት ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር በሹክሹክታ ተከራክረንበታል።

በአጠቃቀሙም ጥብቅ ነበር። ደጅ የተቀመጠው እንስራ ውጪው ሲያልበው «ጋቴሽን አወጣ» ብል አይፈቅድልኝም። «እንስራ ሥር የለውም» ይላል። የጣራው ጠፈጠፍ፣ የድስት ክዳን ላይ የሚንጠለጠለው ውኃ፣ ይህ ሁሉ ተከልክሏል። ሥር የሌለው ነገር ጋቴሽን የለውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሳለፈው፤ ሴት ልጃችን ሕፃን ሳለች ብርድ ላይ ወጥታ ከአፍንጫዋ ጠብታ ሲንጠለጠል «ኑ እዩ፣ ጋቴሽን!» እያለ በመሀረቡ ይጠርግላት ነበር። ሕጉን ራሱ አፈረሰው ብዬ ስከሰው «እሷማ ሥር አላት» አለኝ።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ወደ እሱ አገር፣ ደባርቅ ዳር ወዳለው ቤት ገባን። ማሳዋ ትንሽ ናት፤ ከላይ እስከ ታች በዓይን ትያዛለች። የሚያርሳት አጠገባችን የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። እሱ ሙሉ ገበሬ ነው፤ በሬውን፣ በጉንና ሰማዩን ያውቃል። በወንድሙ ጠብታ ግን ዘወትር ይቀልዳል። በዚህ አገር ጤዛ ሳይረግፍ በግ ከበረት አይለቀቅም፤ ጤዛ የበላ በግ ሆዱ ይነፋል ይባላል። ባለቤቴ ጠዋት ወደ ወንድሙ በረት እየሄደ «ጤዛ መሆኑን ድንጋዩን ዳስሰህ አረጋግጥ፤ ድንጋዩ ደረቅ ከሆነ ሌላ ነገር ነው» ይለው ነበር። ወንድሙም «እሺ መምህር፣ በጎቹንም እጠይቃቸዋለሁ» ብሎ ይመልስለታል።

በዚያ ዓመት ባለቤቴ ገብሱን ራሴ ካልዘራሁ አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እሱም አልተናገረም። ወንድሙ እያረሰ፣ እሱ ዘሩን በጋቢው እቅፍ ይዞ እየተንገዳገደ ይበትናል። ወንድሙ እርፉን ይዞ ቆመና ሳቀ።

«እታለም፣ ነይ እይው! ይኼ ሰውዬ ዶሮ ነው የሚመግብ።»

«ዝም ብለህ እረስ» አለው ባለቤቴ።

ሲበቅል እንደተባለው ሆነ። ከላይ በኩል ጉልበት በነበረው ጊዜ የበተነበት እንደ ሣር ተጠቅጥቋል። መካከል ላይ ሳስቷል። ወደ ታች፣ ትንሽ አርፎ የተነሣበት ቦታ፣ እንደገና ደምቋል። የዘሪው እጅ የት እንደደከመ ከላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ሐምሌን ያሳለፍኩት ለቅሶ ደራሽ ስቀበል ነው። የገብርኤል ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዳባት የመጡ የድሮ ባልደረቦቻችን ቤት ሞልተው ሳሉ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ባቄላ የሚያህል በረዶ ነው። ቆርቆሮው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። የእንግዶቹ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚሉት አይሰማኝም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ለጥቂት ጊዜ መልስ የምሰጥበት ነገር አልነበረም።

ሲያባራ እንግዶቹ ውኃው ሳይሞላባቸው ብለው ሄዱ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማሳው ነጭ ሆኗል። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ደግሞ ገብስ የለም። ቅጠሉ እንደ ክር ተሰነጣጥቆ፣ ከጭቃው ጋር ተለጥፎ፣ ከብት የዋለበት መስሏል። የባለቤቴ ወንድም ከላይ ከካቡ አጠገብ ቆሞ ያያል። የእሱንም ማሳ በረዶው መትቶታል። ግን የሱ ገብስ ቀደም ብሎ ስለተዘራ ጠንክሯል።

«እታለም» አለኝ፣ «ይኼ አለቀለት። ነገ ገብርኤል ነው፣ ጥማድ አይነሣም። በዓሉ ይለፍና እገለብጠዋለሁ። ምስር እንዘራበታለን።»

«ትንሽ አይቆይም?»

«ከቆየ ምስሩም ያልፈናል። ባዶ መሬት ይዘሽ ዓመቱን እንዳትወጪ ብዬ ነው።»

ለእኔው ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ ሥራ የማምነው ከእሱ በላይ ሰው የለም። ነገር ግን ያ ገብስ የባለቤቴ እጅ የበተነው የመጨረሻ ዘር ነው። ከተገለበጠ፣ እጁ የደከመበትና የበረታበት ቦታ ሁሉ አንድ ላይ አፈር ይሆናል። ይህን ጮክ ብዬ ማለት አልቻልኩም።

«ሥሩ ካልሞተስ?» አልኩት።

«ሥሩን ማን አይቶት?»

«ጋቴሽን ካወጣ ሥሩ ሕያው ነው። የሞተ ሥር ውኃ አይገፋም።»

ዓይኑን ከማሳው ላይ ሳያነሣ «እሱ ነገር ከወንድሜ ጋር የሄደ መስሎኝ ነበር» አለ። የተናገረው ለቀልድ አልነበረም።

«አሳዪኝና በሬዎቹን እፈታለሁ» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ግን ለእኔ አሳዪኝ። በወሬ አልፈታም።»

በማግስቱ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሰማዩ ጠርቶ አድሯል፤ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ማሳው ሲያንጸባርቅ አየሁት። በተሰነጣጠቀው ቅጠል ላይ ሁሉ ጠብታ ሞልቷል። የባለቤቴ ወንድም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከመንገድ ላይ ጠራሁት፤ ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ።

«ይኸው» አልኩት። «ይኸው፣ ሁሉም አውጥቷል!»

ማሳውን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የካቡን ድንጋይ በመዳፉ ጠረገውና መዳፉን አሳየኝ። እርጥብ ነው።

«እታለም፣ ድንጋዩም አውጥቷል።» መዳፉን እየጠረገ ጨመረ፣ «ወንድሜ ድንጋይም ዘርቶ ነበር እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የለቅሶ ቤት ስለሆነ ሰው እንዳይሰማኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። እሱም ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ወደ ሌላ በኩል ዞረ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ጠብታ ስሰማ ኖሬ፣ ስም ላወጣለት ስከራከር ኖሬ፣ ጤዛ አይቼ ጋቴሽን አልኩ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲያይ ድንጋዩን መዳሰስ ይረሳል። በወንድሙ ቀልድ ውስጥ ግን ትምህርቱ ሳይጠፋ ቆይቷል፤ ይህ ደግሞ በሌላ መንገድ አስደሰተኝ።

የሚቀጥለው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ። በሬ ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ አልታረሰም። ከዚያ ማርያም ሆነች። በማርያም ጠዋት ወጥቼ አየሁ፤ ሌሊቱን ዝናብ ስላደረ ሁሉም ነገር ርሷል፤ ከዚህ ምንም ማወቅ አይቻልም። ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በሁለቱም ሰንበት እዚህ ጥማድ አይነሣም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላልና፣ በረዶ በወረደ ሳምንት በዓል የሚሽር ገበሬ አይገኝም። በዓላቱ እንዲህ ተከታትለው ገብሱን ጠበቁት።

ቅዳሜ ሴት ልጄ ከጎንደር ደወለች። አርባው ካለፈ በኋላ እሷ ጋ ሄጄ እንድኖር ትፈልጋለች።

«እማዬ፣ አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ገብስ እየጠበቅሁ ነው።»

«ገብሱ በረዶ መታው አላልሽኝም?»

«መትቶታል። ጋቴሽን ካወጣ ግን አይገለበጥም።»

ከወዲያ በኩል የአፍንጫዋ ድምፅ ተሰማኝ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።

«የኔ ዓይነቱ ጋቴሽን ነው ወይስ የአባዬ?»

«የአባትሽ።»

«ጉግል ላይ ልይልሽ? ከበረዶ በኋላ በስንት ቀን…» ስትል ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሳም አልደወለችም፤ ወይ ሞክራ አልገባላት ይሆናል።

እሑድ ማታ ነፋስ ነፈሰ፣ ዝናብ ግን አልመጣም። ከዚያ ነፋሱ ቆመና ደመናው እንደ ክዳን ተደፍቶ አደረ። ሰኞ ጠዋት ስነሣ አየሩ ለዘብ ያለ ነው፤ እስትንፋሴ እንኳ አልታየኝም። ጉምም የለም። የባለቤቴ ቦት ጫማ በር ላይ ስለነበረ እሱኑ አጠለቅሁት፤ እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ወደ ማሳው ወጣሁ፤ ግን ወደ ገብሱ አላየሁም። መጀመሪያ ወደ ካቡ ሄጄ ድንጋዩን ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ሌላውን ዳሰስኩ፤ እሱም ደረቅ ነው። ተመልሼ የአካፋውን ብረት ነካሁ። ደረቅ።

ከዚያ ተንበረከክሁ። እኔ ጉልበቴን አያመኝም።

መጀመሪያ ያየሁት የተሰነጣጠቀውን ቅጠል ነው፤ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። እጄን ሰድጄ ገለጥ አደረግሁት። ከመካከሉ መርፌ የምታክል ለጋ ቅጠል ብቅ ብላለች። አረንጓዴ ናት። ጫፏ ላይ አንዲት ጠብታ ይዛለች። አጠገቧ ሌላ አለች። ከዚያ ዓይኔ ለመደና በየቦታው አየኋቸው። ከላይ በኩል ጥቅጥቅ ብለዋል፤ መካከል ላይ ሳስተዋል። የሱ እጅ እንደበተነው ነው።

እዚያው ተንበርክኬ ሳለሁ የባለቤቴ ወንድም በሬዎቹን እየነዳ፣ ቀንበሩን ተሸክሞ መጣ። ከካቡ ማዶ ቆመ።

«እህስ እታለም፣ ዛሬ ድንጋዩ ምን አለ?»

«አንተው ጠይቀው።»

ቀንበሩን አወረደና ድንጋዩን ዳሰሰ። አንዱን ብቻ አልነበረም፤ ካቡን ይዞ እየሄደ ከላይም ከጎንም ዳሰሰ። ከዚያ መዳፉን አየው። ካቡን ተሻግሮ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጣቱን ወደ አንዷ ጠብታ አስጠጋ፤ አልነካትም።

«ጫፏ ላይ ብቻ» አለ።

«ጫፏ ላይ ብቻ።»

በሬዎቹ የካቡን ሥር ሣር መንጨት ጀመሩ። እሱ አልከለከላቸውም። ከዚያ «ሥሩ አለ» አለ፤ ለእኔ አይመስለኝም የተናገረው። «እኔም እኮ እታለም፣ እሱ የዘራውን መገልበጥ እጄ እሺ አይለኝም ነበር። ግን ሰው ዘሩን አይቶ ሳይሆን መሬቱን አይቶ ነው የሚያርስ።»

ተነሥቶ ወደ ማሳው ታች ወረደ። እየጎነበሰ፣ እየገለጠ አየ። ከዚያ ጠራኝ።

«እዚህ የለም። ነይ እይው።»

ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። በታችኛው ዳር ውኃው ተኝቷል፤ ለጋ የለም፤ ጠብታም የለም። ባለቤቴ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሥር አየር ካላገኘ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር አይገፋም። ማሳው ዳር ድረስ ድኗል ብዬ ለመከራከር አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ያመንኩትን ምልክት ለላይኛው አምኜ ለታችኛው ልክደው አልችልም።

«ይኼን ልገልብጠው?» አለኝ። ፈቃድ እየጠየቀ ነው።

«ገልብጠው» አልኩት።

ያን ቀን ጭቃው የፈቀደለትን ያህል ታችኛውን ዳር አረሰው። ውኃው የሚወርድበት ፈሰስም ቀደደለት፤ የላይኛው እንዳይታፈን። ምስሩን በዚያች ቁራሽ ላይ ዘራ። ለምሳ ቤት ሲገባ ቤት ለነበሩት ለቅሶ ደራሾች «ገብሷ ጋቴሽን አወጣ» አላቸው። ማንም አልገባውም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት፤ እሱም «አሜን» አለ።

ገብሱ እንደ ሌላው ዓመት አልሆነም። ዘግይቶ ዘለላ አወጣ፤ ቁመቱም አጭር ነበር፤ ገለባው ለበሬዎቹ አልበቃም። ግን ደረሰ። ኅዳር ላይ ሲታጨድ ልጄ ከጎንደር መጥታ አብራን ዋለች። እሷ ጋ የመሄዴን ነገር እንደገና አነሣች። «ዘሩን መሬት ካስያዝኩ በኋላ እናያለን» አልኳት። «እሱማ በየዓመቱ መሬት ይያዛል» አለችኝ። አባቷን መስላ ነው የምትከራከረው። ከዚያ ወዲህ እሷ ናት የምትመጣው፤ ስትመጣም ካልሲ ታመጣልኛለች፤ ጫማው ይሰፋኛል ስላልኳት።

ከገብሱ ለዘር የሚሆነውን አስቀርቼ፣ ከቀረው ለሙት ዓመቱ ጠላ ጠመቅሁ። ብቅሉም፣ አሻሮውም እሱ ከዘራው ነው። ሰው በጠላው ሲደሰት የባለቤቴ ወንድም ብድግ ብሎ «ይኼን ገብስ ያተረፈች እሷ ናት፤ እኔ ልገለብጠው ነበር» አለ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ገብርኤልና ማርያም ባይከታተሉ ኖሮ ምስር ነበር የምንበላው።»

«ምስሩንም በልተነዋል» አለ። «እሱም ጥሩ ነበር።»

ሁሉም ሳቀ። ለሙት ዓመት እንዲህ መሳቅ ደንብ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቄሱም ሲስቁ አይቻለሁ።

ዘንድሮ ማሳውን የዘራው የባለቤቴ ወንድም ነው። እጁ የለመደ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት በቅሏል፤ መድከሚያም ማረፊያም የለበትም። ለዓይን ያምራል፣ ግን ያንን ያለፈውን ዓመት ማሳ ትንሽ ፈለግሁት። ከላይ በኩል፣ ከካቡ አጠገብ፣ አንዲት ማዕዘን እኔ እንድዘራ ጠይቄው ነበር። ዘሩን በነጠላዬ ይዤ በተንኩ። እሱ እርፉን ይዞ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«አይ፣ ምንም። ዶሮዎቹ የት እንዳሉ እየፈለግሁ ነው።»

የኔ ማዕዘን እንደሚገባው ሆናለች፤ አንዱ ጋ ተጠቅጥቃ፣ ሌላው ጋ ሳስታ።

ስለ ስሙ ነገር፣ የአማርኛ ቃል ሳላገኝለት ቀርቻለሁ። እስከ አሁን አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃል ይመጣልኝና፣ እሱ ምን ብሎ እንደሚጥለው ስለማውቅ ራሴ እጥለዋለሁ። የባለቤቴ ወንድም ግን ችግር የለበትም። ባለፈው ሳምንት ከድብ ባሕር ከመጣ ዘመዱ ጋር በካቡ ዳር ቆመው ሲያወሩ ሰማሁት። ሰውየው ቡቃያውን አይቶ «ጤዛው ዛሬ በርትቷል» አለ። የባለቤቴ ወንድም «ጤዛ አይደለም» አለው፤ «ድንጋዩን ዳስሰው።» ሰውየው ዳሰሰ። «እንግዲያ ምንድን ነው?» አለ። እሱም ቃሉን፣ ልክ ወንድሙ እንደሚለው፣ ሳይቸኩል ነገረው። ሰውየውም አፉ ላይ እየሞከረው ሄደ።

አሁን ክረምት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ የባለቤቴን ቦት ጫማ በካልሲ አጥልቄ ወደ ማሳው እወጣለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን እዳስሳለሁ። ከዚያ አጎነብሼ የገብሱን ጫፍ አያለሁ። ከዚያ ተመልሼ ሻዬን እጠጣለሁ፤ ከቀዘቀዘም አሞቀዋለሁ።